ቍጥርና ሥዕል ለተበደሉ ሰዎች እንዴት እንደ ተሟገቱ

ቍጥር በትምህርት ቤት ውስጥ ብዙ ወዳጅ የለውም። ከእኛ ከተማሪዎች መካከል ታሪክ የሚወድ የሒሳብን ሰዓት ይፈራል፤ ሒሳብ የሚወደውም ታሪክን የሽምደዳ ትምህርት ነው እያለ ይንቃል። ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ላይ ሲሠሩ ምን ያህል ኀይል እንዳላቸው ያስተዋልነው በዚህ በመጨረሻው ዓመታችን የዓለምን ታሪክ ስንማር ነው። በታሪክ ውስጥ የሰውን መከራ በቍጥር መዝግበው፥ ቍጥሩን በሥዕል ገልጠው፥ በሥዕሉም ላይ የሰውን ኑሮ ተርከው የተበደሉትን ጉዳይ በዓለም ፊት ያቆሙ ሰዎች ነበሩ። በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ስለ እነርሱ ጥቂት ለመጻፍ የተነሣነው ሥራቸው ለእኛም ትምህርት ይሆናል ብለን ስላመንን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍናቸው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ነገሩን በሦስት ምሳሌ እናስረዳለን። በሦስቱም ላይ አንድ ጥያቄ እናነሣለን፤ ይኸውም ቈጣሪው ማን ነው? ተቈጣሪውስ ማን ነው? የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ምሳሌ የአንዲት መርከብ ሥዕል ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ነጋዴዎች ከአፍሪካ ጠረፍ ሰዎችን እየገዙ፥ ባሕር አሻግረው በአሜሪካና በምዕራብ ህንድ ደሴቶች ይሸጡ ነበር። በሎንዶን የሚኖረው ሰው ከዚህ ንግድ የሚያውቀው ስኳሩን ነበር፤ ስኳሩ በገበታው ላይ ይቀርባል፥ መርከቡ ግን ከዐይኑ የራቀ ነው። በ1787 ዓ.ም. በግንቦት ወር 12 ሰዎች በሎንዶን ተሰብስበው የባሪያን ንግድ ለማስቀረት የሚታገል ማኅበር አቋቋሙ። ከእነርሱም አንዱ ቶማስ ክላርክሰን በየወደቡ እየዞረ መርከበኞችን ይጠይቅ፥ የእግር ብረትና የእጅ ሰንሰለት እየገዛ ማስረጃ ይሰበስብ ነበር።

በ1788 ዓ.ም. የእንግሊዝ ፓርላማ አንድ መርከብ ሊጭን የሚችለውን የሰው ብዛት የሚወስን ሕግ አወጣ። በዚያው ዓመት አንድ የመንግሥት የባሕር ኀይል መኮንን ወደ ሊቨርፑል ተልኮ መርከቦችን ለክቶ ነበርና፥ ብሩክስ የተባለችው መርከብ ልክ በጽሑፍ ተገኘ። ማኅበርተኞቹም ይህን ልክ ይዘው ሥዕል አሠሩ። ሥዕሉ የመርከቢቱን ወለል ከላይ ሆኖ ቍልቍል እንደሚያይ ሰው ያሳያል። በወለሉ ላይ ትንንሽ የሰው መልኮች ጐን ለጐን ተደርድረዋል። ለአንድ ወንድ የተመደበው ቦታ ቁመቱ 6 ጫማ፥ ወርዱ 1 ጫማ ከ4 ኢንች ነበር። ይህም ወርድ 40 ሳንቲሜትር ያህል ስለ ሆነ ከአንድ ክንድ ያንሳል። በዚህች ስፍራ ላይ ሰው ሳምንታት በሚፈጅ የባሕር ጕዞ በብረት ታስሮ ይተኛ ነበር።

ሕጉ ለመርከቢቱ የፈቀደው 454 ሰዎችን ነው። ከሕጉ በፊት ግን 609 ሰዎች ጭና እንደ ነበረች ከሥዕሉ ጋር የታተመው ጽሑፍ ይናገራል። ሆኖም ሠዓሊዎቹ 609 ሰው አልሣሉም፤ በሥዕሉ ላይ ያሉት መልኮች ከ500 በታች ናቸው። እኛ እንደሚመስለን ይህ ትልቅ ብልኀት ነው። ባላጋራው «አጋነኑ» ብሎ እንዳይከሳቸው፥ የተፈቀደው ነገር ራሱ ምን ያህል አስከፊ እንደ ሆነ በማሳየት አፉን ዘጉት። ሥዕሉም በ1789 ዓ.ም. በብዙ ሺህ ታትሞ በየቤቱና በየመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። በፓርላማ ውስጥ የንግዱ ተቃዋሚ የነበረው ዊልያም ዊልበርፎርስም ከእንጨት የተሠራ የመርከቢቱን ምስል ለባልደረቦቹ አሳየ።

ነገር ግን ሥዕሉ የጐደለው ነገር ነበረው። መልኮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ስም የላቸውም፥ አይናገሩም። ይህን ጕድለት የሞላው በዚያው በ1789 ዓ.ም. የታተመው የኦላውዳ ኢክዊያኖ መጽሐፍ ነው። ኢክዊያኖ በባርነት ኖሮ በ1766 ዓ.ም. 40 ፓውንድ ከፍሎ ራሱን ነጻ ያወጣ ሰው ነበር። በመጽሐፉም በመርከብ ሆድ ውስጥ የነበረውን ሙቀት፥ ሽታና ልቅሶ ተረከ። መጽሐፉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 9 ጊዜ ታተመ። እንግዲህ ሥዕሉ ስንት እንደ ነበሩ አሳየ፤ መጽሐፉ ደግሞ እነማን እንደ ነበሩ ነገረ። የእንግሊዝ ፓርላማ የባሪያን ንግድ የከለከለው በ1807 ዓ.ም. ነው፤ በግዛቶቹ ባርነትን ራሱን የሚሽር ሕግ ያወጣውም በ1833 ዓ.ም. ነው። ይህ ሁሉ የሥዕልና የመጽሐፍ ሥራ ብቻ አልነበረም። ከ1791 ዓ.ም. ጀምሮ በሃይቲ እንደ ታየው፥ ባሮቹም ራሳቸው ተነሥተው ለነጻነታቸው ተዋግተዋል።

ሁለተኛዋ ምሳሌያችን ሁላችንም በስም የምናውቃት ፍሎረንስ ናይቲንጌል ናት። በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የምናያት በሌሊት መብራት ይዛ ቍስለኞችን ስትጐበኝ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን የታሪኳ ግማሽ ነው። ከመብራቱ በኋላ የያዘችው ብዕርና ማስመሪያ ከመብራቱ ይልቅ ብዙ ነፍስ አድኗል ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ናይቲንጌል በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ፥ በ1854 ዓ.ም. በኅዳር ወር መጀመሪያ 38 ነርሶችን አስከትላ በኢስታንቡል ማዶ ወዳለው ወደ ስኩታሪ ሆስፒታል ደረሰች። ሆስፒታሉ የቆመው በቈሻሻ ቦይ ላይ ነበር። ወታደሩ ቍስሉ ሳይገድለው ተቅማጥ፥ ኮሌራና ተስቦ ይገድለው ነበር። በ1855 ዓ.ም. በጥር ወር ብቻ በምሥራቅ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር መካከል በቍስል የሞቱት 83 ሲሆኑ፥ መከላከል ይቻል በነበረ በሽታ የሞቱት 2,761 ነበሩ። በመጋቢት ወር ከሎንዶን የተላኩ የጤና ጥበቃ ሰዎች ቦዮቹን አስጠርገው ውሃውንና አየሩን ካሻሻሉ በኋላ የሟቹ ቍጥር ፈጥኖ ወደቀ።

ናይቲንጌል በ1856 ዓ.ም. ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ይህን ነገር እንዲሁ አልተወችም። ዊልያም ፋር ከተባለው የቍጥር ሊቅ ጋር ሆና የሞቱን መዝገብ መረመረች። የመዝገብ ሠንጠረዥ ግን ባለ ሥልጣኑን እንቅልፍ ያስይዘዋል እንጂ አያስነሣውም። ስለዚህ በ1858 ዓ.ም. ሥዕል አሳተመች። ሥዕሉ እንደ ተቈረሰ ድፎ ዳቦ ከመካከል ወደ ዳር በ12 ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ወር ነው። ሰማያዊው ቀለም መከላከል በሚቻል በሽታ የሞቱትን፥ ቀዩ በቍስል የሞቱትን፥ ጥቁሩ በሌላ ምክንያት የሞቱትን ያመለክታል። የቀለሙ ስፋት የሟቹ ብዛት ነው። ሥዕሉን የሚያይ ሰው ፊደል ባይቈጥር እንኳ፥ ሰማያዊው ቀዩን እንደ ዋጠው በአንድ አፍታ ይገነዘባል። የእንግሊዝን ወታደር ከጠላት ጥይት ይልቅ የራሱ መንግሥት ቸልተኝነት እንደ ገደለው ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አልነበረም።

በሌላ ሥዕልም ጦርነት በሌለበት ጊዜ የሚሞቱትን አነጻጸረች። ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 25 ዓመት ከሆነ እንግሊዛውያን ወንዶች መካከል በዓመት ከ1,000ው የሚሞቱት 8.4 ያህል ሲሆኑ፥ በዚያው ዕድሜ ካሉት በአገራቸው ሰፈር ከሚኖሩት ወታደሮች መካከል 17 ይሞቱ ነበር። ወታደር የሚመረጠው ከጤነኞቹ መሆኑን ስናስብ ነገሩ እጅግ ያሳዝናል። ከዚህ በኋላ የወታደር ሰፈሮች እንዲሻሻሉ፥ የጦር ሠራዊት የሕክምና ትምህርት ቤት እንዲከፈትና የጤና ቍጥር በየጊዜው እንዲመዘገብ ተደረገ። እርስዋም በ1858 ዓ.ም. በሎንዶን የስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያይቱ ሴት አባል ሆነች። በዚህ ምሳሌ ተቈጣሪዎቹ ሙታን ስለ ነበሩ ስለ ራሳቸው ሊናገሩ አይችሉም ነበር፤ በዐይንዋ ያየቻቸው ሴት ተናገረችላቸው።

ሦስተኛው ምሳሌ ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ጊዜ ተቈጣሪዎቹ ራሳቸው ቈጣሪዎች ሆኑ። ሰውየው ዊልያም ዱ ቦይስ ይባላል። በ1868 ዓ.ም. በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ተወልዶ፥ በ1895 ዓ.ም. ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ። ከ1897 ዓ.ም. ጀምሮ በጆርጂያ ውስጥ በአትላንታ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ።

በዚያን ዘመን ቍጥር ለጥቁር ሕዝብ ወዳጅ አልነበረም። በ1896 ዓ.ም. ፍሬደሪክ ሆፍማን የተባለ የኢንሹራንስ ድርጅት ሠራተኛ፥ ጥቁር አሜሪካውያን በተፈጥሯቸው ደካሞች ስለ ሆኑ እየመነመኑ ይጠፋሉ የሚል በሠንጠረዥ የተሞላ መጽሐፍ አሳተመ። ዱ ቦይስ በሚቀጥለው ዓመት መልስ ጻፈበት። ድህነትና መጥፎ መኖሪያ የሚያመጡትን ሞት የዘር ጠባይ አድርጎ መቍጠር ስሕተት መሆኑንም አስረዳ። ከዚህ የምንማረው ቍጥር በራሱ ደግም ክፉም አለመሆኑን ነው። ቍጥር እንደ ቢላዋ ነው፤ እንጀራ የሚቈርስበት አለ፥ ሰው የሚያቈስልበትም አለ።

በ1900 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ታላቅ የዓለም ኤክስፖዚሲዮን ተደረገ፤ 50 ሚሊዮን ያህል ጐብኚ መጥቶ ነበር። ቶማስ ካሎዌይ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ የወገኖቹ ኑሮ በዚያ እንዲታይ ስለ ጠየቀ ስፍራ ተሰጠው፤ ዱ ቦይስንም እንዲረዳው ለመነው። ዱ ቦይስም ከተማሪዎቹና ከቀድሞ ተማሪዎቹ ጋር ሆኖ 60 ያህል የቍጥር ሥዕሎችን በእጅ፥ በቀለምና በብሩሽ ሠራ። የሕዝቡን ብዛት፥ ትምህርቱን፥ ሥራውን፥ ሀብቱንና መሬቱን በደማቅ ቀይ፥ በቢጫ፥ በአረንጓዴና በጥቁር አስቀመጠው። አንዱ መስመር እንደ ቀንድ አውጣ ይጠቀለላል፤ ሌላው እንደ ደረጃ ይወጣል።

ከእነዚህ ሥዕሎች አንዱን እንግለጽ። ሥዕሉ ከ1790 እስከ 1870 ዓ.ም. ከጥቁር አሜሪካውያን መካከል ባሮቹና ነጻ የሆኑት ስንት እንደ ነበሩ ያሳያል። ባሮቹ ሰፊ ጥቁር ቀለም ናቸው፤ ነጻዎቹ ከላይ የተዘረጋ ቀጭን አረንጓዴ ጥብጣብ ናቸው። በ1790 ነጻዎቹ ከመቶ 8 ነበሩ፤ ከ70 ዓመት በኋላ በ1860 ከመቶ 11 ብቻ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ጥቁሩ ቀለም እንደ ገደል ድንገት ይወርድና በ1870 አረንጓዴው መቶ ከመቶ ይሆናል። በዚያ ገደል ላይ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነትና የባርነት መሻር አሉ፤ የብዙ መጽሐፍ ታሪክ በአንድ ገጽ ተጽፏል። በሌላ ሥዕልም በጆርጂያ የሚኖሩት ጥቁሮች በ1874 ዓ.ም. 338,769 ኤከር መሬት እንደ ነበራቸው፥ በ1899 ዓ.ም. ግን ከ1 ሚሊዮን ኤከር በላይ እንደ ደረሰ ይታያል። ትናንት እንደ ዕቃ ይሸጡ የነበሩ ሰዎች በ25 ዓመት ውስጥ መሬቱን ራሱን ገዙት።

ከሥዕሎቹም ጋር ከ300 በላይ ፎቶግራፎች፥ ጥቁሮች የጻፏቸው 200 ያህል መጻሕፍትና በጆርጂያ በጥቁሮች ላይ የወጡት ሕጎች በእጅ ተገልብጠው ቀረቡ። ስለዚህ ጐብኚው የሕዝቡን እድገት ካየ በኋላ፥ ያ እድገት በምን ዓይነት ሸክም ሥር እንደ ተገኘ ደግሞ ያነባል። ዱ ቦይስ በዚህ ሥራው የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ። ሥዕሎቹም ዛሬ በዋሽንግተን በአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ኢትዮጵያውያን ልናስታውሰው የሚገባ ነገርም አለ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በሎንዶን በተደረገው የጥቁር ሕዝቦች ጉባኤ፥ ዱ ቦይስ በአዘጋጅነት የተካፈለበት ለዓለም መንግሥታት የቀረበው ቃል የኢትዮጵያ፥ የላይቤሪያና የሃይቲ ነጻነት እንዲከበር ጠይቋል።

ሆኖም ዱ ቦይስ ቍጥር ብቻውን በቂ እንዳልሆነ በመራራ መንገድ ተምሮ ነበር። በ1899 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በጆርጂያ ሳም ሆዝ የተባለ ጥቁር ሠራተኛ ያለ ፍርድ በሕዝብ መካከል ተቃጥሎ ተገደለ። ዱ ቦይስ ስለ ጉዳዩ የጻፈውን ይዞ ወደ አንድ ጋዜጣ አዘጋጅ ሲሄድ፥ የሟቹ የጣት አጥንት በአንድ ሱቅ ውስጥ ለመታያ መቀመጡን በመንገድ ላይ ሰማ። ወደ አዘጋጁም ሳይደርስ ተመለሰ። ሰዎች እንደዚህ እየተገደሉ በርጋታ ቍጥር ብቻ እየመዘገበ መቀመጥ እንደማይቻለው በኋላ ጽፏል።

በ1903 ዓ.ም. ያሳተመው «የጥቁር ሕዝብ ነፍሶች» የተባለው መጽሐፍ የዚህ ውጤት ነው። በዚያም ውስጥ ስለ ጆሲ የሚናገር ምዕራፍ አለ። ዱ ቦይስ ተማሪ ሳለ በዕረፍቱ ወራት በቴነሲ ገጠር አስተምሮ ነበር፤ ጆሲም በዚያ ትምህርት ቤት እንዳለ የነገረችው ልጅ ናት። ለመማር እጅግ ትጓጓ ነበር፤ ነገር ግን ለቤተ ሰቧ ስትደክም ኖረች። ከ10 ዓመት በኋላ ተመልሶ ሲጠይቅ ሞታለች ብለው ነገሩት። በፓሪስ ሥዕሎች ላይ ጆሲ የአንድ መስመር ቅንጣት ናት፤ በመጽሐፉ ግን ሰው ናት። መስመሩን ያየ ሰው ጆሲን ካላወቀ ልቡ አይነካም፤ ጆሲን ብቻ ያወቀም ችግሩ የአንዲት ልጅ ዕድል ይመስለዋል።

ዱ ቦይስ በ1909 ዓ.ም. ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ የሆነበት የጥቁር ሕዝብ መብት ማኅበር ይህንኑ መንገድ ተከተለ። በ1919 ዓ.ም. ማኅበሩ ባሳተመው መጽሐፍ ከ1889 እስከ 1918 ዓ.ም. ባሉት 30 ዓመታት 3,224 ሰዎች ያለ ፍርድ በሕዝብ እጅ እንደ ተገደሉና ከእነርሱም 2,522ቱ ጥቁሮች እንደ ነበሩ አስታወቀ። ከቍጥሩ ጋር 100 የግድያ ታሪኮችን አንድ በአንድ ተረከ። በ1922 ዓ.ም. ይህን ግድያ የሚከለክል ሕግ በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ቢያልፍም በሴኔቱ ቀረ። እንዲህ ያለ የመላ አገሪቱ ሕግ የተፈረመው በ2022 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፥ ልክ ከ100 ዓመት በኋላ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ይሁን እንጂ ንጋቱን በመጠበቅ ላይ ሳሉ ብዙዎች ማለፋቸውን መዘንጋት አይገባም።

ከሦስቱ ምሳሌዎች ምን እንማራለን? መጀመሪያ፥ በቍጥር የሚሟገት ሰው ባላጋራው ሊክደው የማይችለውን ቍጥር መምረጥ አለበት። የመርከቢቱን ልክ የወሰደው የመንግሥት መኮንን ነው፤ ናይቲንጌል የጦሩን የራሱን መዝገብ ያዘች። አይዳ ዌልስ የተባለችው ጥቁር ጋዜጠኛም በ1895 ዓ.ም. ስለዚሁ ያለ ፍርድ ስለሚፈጸም ግድያ ስትጽፍ፥ ቍጥሩን የወሰደችው ነጮች ከሚያሳትሙት ከቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጣ ነው። ሁለተኛ፥ ሥዕልና ትረካ እንደ ሁለት በሬዎች ናቸው፤ አንዱ ሲጐድል ሞፈሩ ይጣመማል። ሦስተኛውና ዋናው፥ ሰው ስለ ራሱ ቈጥሮ ስለ ራሱ ሲናገር የተለየ ክብር አለው። በ1789 ዓ.ም. አፍሪካውያን በመርከብ ወለል ላይ የተደረደሩ ዝም ያሉ መልኮች ነበሩ። በ1900 ዓ.ም. ልጆቻቸው ብሩሹን በእጃቸው ይዘው ራሳቸውን ሣሉ። በእነዚህ በ111 ዓመታት መካከል ያለው ታላቁ ለውጥ ይህ ነው ብለን እናምናለን።

እኛም ከዚህ ትምህርት ቤት ልንወጣ ተቃርበናል። በየዓመቱ የተጻፉት የስም መቈጣጠሪያ መዝገቦች በዚሁ በትምህርት ቤታችን ይገኛሉ። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላልና፥ እነዚህ መዝገቦች የዚህ በዓል ትልቁ ቅርስ ናቸው። ነገር ግን ተዘግተው እስከ ተቀመጡ ድረስ አይናገሩም። ከእኛ ጋር አንደኛ ክፍል ከገቡት ልጆች መካከል እዚህ የደረሱት ስንቶች ናቸው? ከቀሩትስ መካከል ሴቶቹ እህቶቻችን ስንት ናቸው? በየትኛው ክፍል ቀሩ? ስለ ምን ቀሩ? ከየት መንደር የመጡትስ ናቸው ፈጥነው የሚቀሩት? እነዚህን ጥያቄዎች ሌላ ሰው መጥቶ እስኪቈጥርልን መጠበቅ አያስፈልገንም።

ስለዚህ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ሆይ፥ አደራ የምንላችሁ ይህን ነው። መዝገቡን ከዳይሬክተሩ አስፈቅዳችሁ ክፈቱ፤ በትክክል ቍጠሩ፥ አንዱንም አትጨምሩ፥ አንዱንም አትቀንሱ። የቈጠራችሁትን በትልቅ ወረቀት ላይ ስላችሁ ወላጆች በሚሰበሰቡበት አዳራሽ ስቀሉት። ከዚያም ትምህርት ካቋረጡት ወደ አንዷ ቤት ሂዱና፥ ፈቃዷ ሲሆን ታሪኳን ራሷ እንድትናገር ጠይቋት። በሥዕሉ ላይ አንድ ነጥብ የሆነችው ልጅ ስም፥ ድምፅና ምኞት እንዳላት ያን ጊዜ ሁሉም ያውቃል። ምናልባትም አንድ አባት ሥዕሉን አይቶ ታሪኩን ሰምቶ ልጁን በሚቀጥለው መስከረም ወደ ትምህርት ቤት ይመልሳት ይሆናል። ያ ከሆነ ቍጥሩም ሥዕሉም ሥራቸውን ሠርተዋል ማለት ነው።